«የኛ ችግር» የተባለው የጌሙ ችግር ነው

ሰሞኑን አዳዲስ ቪዲዮ ጌሞች እንዴት መገምገም እንዳለባቸው የሚያወራ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ የቤታችን ደንበኛ «አንብበውና አንድ ነገር በል» አለኝ። አነበብኩት። ጽሑፉ በደንብ ተጽፏል፤ ጸሐፊውም ጌም የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ሰው ሳሎን ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ ወንድማችን የአንድ አዲስ ጌም ጥንካሬና ድክመት የሚለካበትን ስድስት ነጥብ አስቀምጧል። ግራፊክስ ይቅደም ይላል። ሜታክሪቲክ በሚባለው የግምገማ ድረ ገጽ ላይ ከመቶ 80 በታች ያገኘ ጌም ጊዜ ማጥፊያ ነው ይላል። ጌም የሚመዘነው በወጣበት ሳምንት ነው፣ በኋላ መጠገኑ አይቆጠርለትም ይላል። ረጅም ጌም ለገንዘብህ የተሻለ ነው ይላል። የኳስ ጌም በየዓመቱ ያው ስለሆነ ግምገማ አያስፈልገውም ይላል። ስድስተኛው የሁሉም ማሰሪያ ነው፦ የመብራት መጥፋት፣ የኢንተርኔት መቆራረጥና የዶላር መወደድ «የኛ ችግር» እንጂ የጌሙ ድክመት ስላልሆኑ ግምገማ ውስጥ መግባት የለባቸውም። መጨረሻ ላይ የቅርብ ዓመታት ምርጥ የሚላቸውን አምስት ጌሞች ዘርዝሯል።

እኔ የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው። ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የምውለው። አብዛኞቹ ማሽኖቻችን የቆየው ፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ናቸው። አዲሷ ፒኤስ 5 አንድ አለችን፤ እሷም ወረፋ አላት። ስለዚህ ከስድስተኛው ልጀምር፤ ሌሎቹ የተንጠለጠሉት እሱ ላይ ነውና። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እጠራለሁ፤ ጌሞቹ የሚወጡት በነሱ አቆጣጠር ነው።

«የኛ ችግር» የሚለው ነገር ሲሰሙት እውነት ይመስላል። መብራት የሚያጠፋብን የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ አይደለም። ግን አንድ ጌም ብቻህን ስትጫወት እንኳ ኢንተርኔት ከሌለ አልከፈትም ካለ፣ ያንን የወሰነው ማነው? የሠራው ኩባንያ ነው። ተሰብስበው፣ ተወያይተው፣ አስበውበት ነው የወሰኑት።

ግራን ቱሪዝሞ 7ን እንውሰድ። ወንድማችን ከአምስቱ ምርጦች አንዱ አድርጎታል። ማርች 2022 ላይ የወጣ የመኪና ጌም ነው። መኪናው፣ ዝናቡ፣ መሪው እጅህ ላይ የሚሰጠው ስሜት፣ ሁሉም ድንቅ ነው፤ ይሄን አልከራከርም። ግን ዋናው የብቻ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት አይሄድም። ኔትወርክ ከሌለ የሚቀርልህ ትንሽ ነገር ነው። ምክንያታቸውን ተናግረዋል፤ ተጫዋቾች ሴቫቸውን (የደረሱበት ተመዝግቦ የሚቀመጥበትን) እየነካኩ እንዳያጭበረብሩ ነው። እሺ ይሁን። ከዚያ ጌሙ ከወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሰርቨሩ (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር) ለጥገና ተዘግቶ ከ30 ሰዓት በላይ ቆየ። ቶኪዮ ያለውም፣ ለንደን ያለውም፣ ፋይበር የገባለትም ጌሙን በወጉ መጫወት አልቻለም። ያን ጊዜ ጩኸቱ ከየአቅጣጫው መጣ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ለነሱ 30 ሰዓት ሲሆን የጌሙ ድክመት፣ ለኛ ዓመቱን ሙሉ ሲሆን የኮዬ ፈጬ ድክመት? ሒሳቡ አልገባኝም።

ሌላ ልጨምር። ሱሳይድ ስኳድ የተባለው ጌም ፌብሩዋሪ 2024 ሲወጣ፣ ብቻህን ለመጫወትም ኢንተርኔት ግዴታ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ ተጨመረለት። ይቻል ነበር ማለት ነው። ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ጌም ደግሞ ሠሪው ዩቢሶፍት በ2014 መሸጥ ጀመረ፤ በ2024 ማርች መጨረሻ ሰርቨሩን ዘጋው። ገዝቶ ዲስኩን እጁ ላይ የያዘ ሰው ከዚያ ወዲህ ማጫወት አይችልም። በዚህ የተነሳው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የሚባል ዘመቻ አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። የፈረሙት ሰዎች ሰፈር መብራት አይጠፋም።

የተኩስ ጌሙ የሄልዳይቨርስ 2 ነገር ደግሞ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ፌብሩዋሪ 2024 ወጣ፤ በጣም ተወደደ። ሜይ መጀመሪያ ላይ ሶኒ በኮምፒውተር የሚጫወቱት ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት) አካውንት እንዲያገናኙ አስገድዳለሁ አለ። ያ አገልግሎት ደግሞ በይፋ የሌለባቸው ሀገሮች ብዙ ናቸው፤ የኛም አንዷ ናት። ጌሙ ከ170 በላይ ሀገሮች ውስጥ ስቲም ከሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ወረደ። ተጫዋቹ በየአገሩ ተነስቶ ሲጮህ ሶኒ በቀናት ውስጥ ትእዛዙን ሰረዘ። እኛ እዚህ ለዓመታት የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ አድራሻ ሞልተን፣ ጊፍት ካርድ ቴሌግራም ላይ ገዝተን ነው የምንገባው። ይሄን «የኛ ችግር» ብሎ ማለፍ የሚችለው የለመደው ሰው ብቻ ነው።

የመብራቱን ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ቅዳሜ ማታ፣ ኤፍሲ (ድሮ ፊፋ የሚባለው የኳስ ጌም) ላይ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። የተሸነፈ ይከፍላል። 2 ለ 1 ነው፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ። ድርግም። ቤቱ በአንድ ድምፅ ይጮሃል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል፤ የመራው «በልቻለሁ» ይላል፣ የተመራው «ገና 10 ደቂቃ ነበረኝ» ይላል። ደንባችን መድገም ነው፤ ደንቡን የሚወድ ግን የለም። መብራቱ ሲመለስ ፒኤስ 4 «በትክክል አልተዘጋሁም» ብሎ ሃርድ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። ይሄ የማሽኑ ነው። የጌሞቹ ልዩነት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ሁለት ሦስት ቁልፍ ሲነካ ኳስ መሐል ላይ ነች። ሌላው የአምስት ኩባንያ አርማ ያሳይሃል፣ ማስጠንቀቂያ ያስነብብሃል፣ ሰርቨር ይፈልጋል፣ አጣሁ ይላል፣ እንደገና ይሞክራል። ተረኛው ወንበር ላይ ልጆች ተደርድረው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። መብራት ከመጣ እስከ ኪክ ኦፍ ድረስ ያለው ጊዜ ጥሩ መመዘኛ ነው። አንድም ገምጋሚ ሲጽፈው አላየሁም።

ኤልደን ሪንግ የተባለው የውጊያ ጌም ደግሞ ይገርማል። ተጫዋቹን በማስለቀስ ነው የሚታወቀው። ግን ሳትጠይቀው ያለማቋረጥ ራሱ ሴቭ ያደርጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የነበርክበት አካባቢ ትገኛለህ። በጭካኔው ስም ያወጣው ጌም ለመብራት መጥፋት ሩኅሩኅ ነው። ይሄ ጥንካሬ አይደለም እንዴ? ከየትኛው ግምገማ ነው የምታገኘው?

ዶላሩን በተመለከተ ግማሽ መንገድ አብሬው እሄዳለሁ። አዲስ ትልልቅ ጌሞች ውጭ 70 ዶላር መሸጣቸው የጌሙ ድክመት አይደለም። ሐምሌ 2016 በኛ አቆጣጠር ብሩ በገበያ እስኪተመን ድረስ ያ 70 ዶላር 4 ሺህ ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጥፍ አልፏል። ለዚህ ጌም ሠሪውን አልወቅስም። ገምጋሚ ግን «ገንዘብህን ይመልሳል ወይ» ብሎ ሲጠይቅ የማንን ገንዘብ እንደሚያወራ ይንገረን።

ግራፊክስ ይቅደም ላለው ብዙ አልቆይበትም። እኛ ቤት ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ስለ ሥዕሉ አይደለም፤ «ጆይስቲኩ ይዘገያል» ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ጌም ሞድ የሚባለው ካልበራ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ላሳምር ሲል ያዘገየዋል። ለኳስና ለድብድብ ጌም በሰከንድ 60 ምስል ሳይንተፋተፍ መሄዱ ከፀጉር ክር በላይ ዋጋ አለው። ሌላው የጽሑፍ መጠን ነው። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንተ ወደኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ፣ ጉንዳን የምታህል እንግሊዝኛ አንብብ ስትባል ግራፊክሱ ምን ይጠቅምሃል?

የሜታክሪቲኩ ቁጥር ላይ ግን ልቆይ። ሰው ቁጥር ሲያይ ክርክር የሚያበቃ ይመስለዋል። ሜታክሪቲክ የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣ ነው፤ ለማን ስንት ክብደት እንደሚሰጥ ግን አይገልጽም። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም ታሪክ ለዚህ በቂ ነው። ዲሴምበር 2020 ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። ቁጥሩ አምሮ መጣ፤ የኮምፒውተሩ 86 ላይ ነው ያለው። ሰውም ለፒኤስ 4 ገዛ። ፒኤስ 4 ላይ ሲከፈት ይቆማል፣ ይወድቃል፣ መንገደኛው ፊት የለውም። በኋላ የፒኤስ 4ቱ ቁጥር ለብቻው ሲወጣ 57 ሆነ። ሶኒ ከሱቁ አወረደው፤ እስከ ጁን 2021 አልተመለሰም። ያው ስም፣ ያው ሽፋን፣ 86 እና 57። የወንድማችን «ከ80 በላይ» የሚለው ደንብ የቱን ነው የሚያነበው?

ቁጥሩ ሠሪዎቹንም ያስጨንቃቸዋል። ፎልአውት ኒው ቬጋስ የተባለውን ጌም የሠራው ኩባንያ ኦብሲዲያን ሜታክሪቲክ ላይ 85 ቢያገኝ ጉርሻ ይከፈለው ነበር፤ 84 አገኘ። በአንዲት ነጥብ ቀረች። እንዲህ ያለ ነገር የተንጠለጠለበትን ቁጥር እንደ ቴርሞሜትር ማንበብ ይከብደኛል።

በወጣበት ሳምንት ይመዘን የሚለው ላይ ሐሳቡ ገብቶኛል። ያልበሰለ ጌም ሸጦ «በኋላ እናስተካክላለን» ማለት ንቀት ነው። በዚህ ከሱ ጋር ነኝ። ችግሩ ጌም ኮዬ ፈጬ የሚደርሰው በወጣበት ሳምንት አይደለም። ወር፣ አንዳንዴ ዓመት ያልፈዋል። እዚህ ያለ ሰው የሚጠይቀው «ያኔ እንዴት ነበር» ሳይሆን «አሁን፣ በዚህ ማሽን ላይ፣ እንዴት ነው» ብሎ ነው።

ይሄ ጥያቄ ደግሞ በሁለቱም በኩል ያስደነግጣል። ሳይበርፐንክ ሴፕቴምበር 2023 ላይ 2.0 የተባለ ትልቅ ማሻሻያ መጣለት፤ ዓለም ሁሉ «ተስተካከለ፣ ይቅር ብለነዋል» አለ። ያ ማሻሻያ ለፒኤስ 4 አልመጣም። አብሮት የወጣው ተጨማሪ ታሪክም እንደዚሁ። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የምታየው ምስጋናና ፒኤስ 4ህ ላይ የምታገኘው ጌም አይተዋወቁም። በሌላ በኩል ደግሞ ኮንኮርድ የተባለ የኦንላይን ጌም አለልህ። ኦገስት 23 ቀን 2024 ወጣ፣ ሴፕቴምበር 6 ላይ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት! በወጣበት ሳምንት የጻፈው ገምጋሚ ጥሩም አለ መጥፎ፣ ጽሑፉ ቀለሙ ሳይደርቅ ጌሙ የለም። ግምገማ ቀን ይኑረው፣ የስንተኛው ማሻሻያ እንደሆነ ይጻፍበት፣ በየትኛው ማሽን እንደታየ ይነገር። ሦስት መስመር ናት፤ ማንንም አታደክምም።

ረጅም ጌም ይሻላል ላለው፦ ቤቱ ውስጥ ብቻህን ካለህ ምናልባት። ማሽኑ የጋራ ሲሆን ግን ርዝመት ራሱ ጣጣ ነው። አንድ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትንሽ ትንሽ እየከፈለ አንድ ታሪክ ይገፋል። ቅዳሜ ይመጣና «የኔን ሴቭ ማነው የበላው?» ይላል። ሌላው «ኒው ጌም» ብሎ ከላዩ ጽፎበታል። ጠቡ ከመብራቱም ይብሳል፤ እዚህ ላይ የሚደገም ነገር የለምና። ድራጎንስ ዶግማ 2 ማርች 2024 ሲወጣ ሴቭ እያለህ እንደ አዲስ የመጀመር ምርጫ እንኳ አልነበረውም። ሠሪው ካፕኮም ጩኸቱን ሰምቶ በቀናት ውስጥ በማሻሻያ ጨመረው። ያም ቢሆን አዲስ ጀመርክ ማለት የድሮው ይቆይልሃል ማለት አይደለም። ስንት ሴቭ ይይዛል የሚለው ከስንት ሰዓት ይፈጃል ያላነሰ ጥያቄ ነው።

የኳስ ጌም ያው ነው የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። «ያው ነው» የሚል ሰው የተሸነፈ ይከፍላል ተብሎ ተጫውቶ አያውቅም። እዚህ ሰፈር አዲስ ኤፍሲ በተጫነ ማግስት ልጆቹ ምን እንደተቀየረ ይነግሩሃል። በረኛው ቀረብ ያለ ምት እንዴት እንደሚመልስ፣ ክሮስ ይሠራ አይሠራ፣ ፈጣን ክንፍ ይዘህ ብቻ እየሮጥክ ታሸንፍ እንደሆነ። በሁለት ቀን ውስጥ ቀዳዳውን ያገኙታል፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ያችኑ ጎል ያገባል። ይሄ ግምገማ ካልሆነ ምን ይባላል?

ደግሞስ መቼ ነው ያው የሆነው? እኛ ያደግንበት የኳስ ጌም ፔስ ምን ሆነ? ሠሪው ኮናሚ በሴፕቴምበር 2021 መጨረሻ ስሙን ለውጦ ኢፉትቦል ብሎ በነፃ ለቀቀው። ክለቦቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ የተጫዋቾቹ ፊት ማስፈራሪያ ነበር። ኩባንያው በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። የመጀመሪያው ሙሉ የተባለው ማሻሻያ እስኪመጣ ኤፕሪል 2022 ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ የፔስ ሰው ጥሎት ሄደ። የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ ደግሞ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ ከ2023 ጀምሮ ጌሙን ኤፍሲ ብሎታል፤ እዚህ ግን እስከ ዛሬ ፊፋ ነው። ኤፍሲ 26 ላይ ጨዋታውን ራሱን ለሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ ፈጠን ብሎ ለኦንላይን ፉክክር፣ ሌላው ረጋ ብሎ ለካሪየር ዓይነት (ብቻህን ክለብ እየመራህ የምትጫወተው) ጨዋታ። ኩባንያው ራሱ ተጫዋቾቼ አንድ ዓይነት አይደሉም ብሎ ሲያምን፣ ገምጋሚው የቱን እንደመዘነ እንኳ ሳይነግረን «ያው ነው» ይላል።

ትልቁ ልዩነት ግን በማሽኑ ነው። ከእውነተኛ ጨዋታ የተቀዳው ሃይፐርሞሽን የሚሉት እንቅስቃሴ ፒኤስ 4 ላይ የለም። ልጁ ዩቲዩብ አይቶ ይመጣና «ያ ሩጫው የታለ?» ይለኛል። ወንድሜ፣ ያ ሩጫ ማዶ ያለችው ማሽን ላይ ነው፤ ወረፋ ያዝ። እግረ መንገዴን፣ ወንድማችን ስለ አልቲሜት ቲም ጥቅል (የትኛው ተጫዋች እንደሚወጣልህ ሳታውቅ የምትገዛው) ሽያጭ አንድ ቃል አለመተንፈሱ ገርሞኛል። ቤልጂየም እንዲህ ያሉትን የዕድል ሳጥኖች በ2018 ቁማር ናቸው ብላ፣ ኢኤ በ2019 መጀመሪያ እዚያ ነጥቦቹን መሸጥ አቁሟል። የአንድን ጌም ድክመት ስትቆጥር ይሄን ዘለህ ስለ ሣሩ አረንጓዴነት ማውራት አግባብ አይመስለኝም።

አሁን አምስቱ ምርጦቹን በኛ ሚዛን ላስቀምጣቸው። ግራን ቱሪዝሞ 7 ላይ ተናግሬያለሁ፤ ኔትወርክ ላለው ሰው ምርጥ፣ ለሌለው ግማሽ ጌም። ኤልደን ሪንግ ፒኤስ 4 ላይም አለ፣ ብቻውን ሲጫወቱት ኢንተርኔት አይለምንም፣ ሴቩም ታማኝ ነው። ከባድነቱን ግን ለሰው ንገሩት፤ ለግማሽ ሰዓት ከፍሎ ግማሽ ሰዓት የሚሞት ደንበኛ አይቻለሁ። ባልዱርስ ጌት 3 የ2023 ትልቅ ሥራ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎም ይጫወቱታል። ግን ከአናት እስከ እግሩ ንባብ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሚቀልለው፣ ቤቱ ማሽን ላለው ሰው ይሁን። ለኛ ቤት አይሆንም።

የድብድብ ጌሙ ቴከን 8 ፒኤስ 5 ይጠይቃል፤ ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነው። ከዚያ ውጭ ለፕሌይስቴሽን ቤት የተሠራ ይመስላል። አንድ ዙር ከ60 ሰከንድ አያልፍም፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ይደባደባል፣ ለጀማሪም ቁልፎቹን የሚያቀልል አማራጭ አለው። መብራት ቢጠፋም የሚከስረው ያችው አጭር ግጥሚያ ናት።

አምስተኛው ስፕሊት ፊክሽን ነው፤ ማርች 2025 የወጣ። እሱን ወንድማችን «አጭር ነው» ብሎ መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል። እኔ አንደኛ አደርገዋለሁ። የግድ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ስክሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ አንድ ሶፋ ላይ ለሚጫወቱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ታሪኩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን ምን ማድረግ እንዳለብህ ዓይንህ ይነግርሃል። የማያነቡ ልጆች «አንተ ያዝልኝ፣ እኔ ልዝለል» እየተባባሉ ሲያልፉት አይቻለሁ። ሲጨርሱት ቦታ ተቀያይረው ከመጀመሪያው ጀመሩት። ድክመቱን ካላችሁኝ፣ እሱም እንደ ቴከን ፒኤስ 5 ይጠይቃል፤ ሁለት ጤነኛ ጆይስቲክም ይፈልጋል። ከኛ አንዱ ሳይነኩት ወደ ግራ ይሄዳል፤ እሱን ግን በሠሪዎቹ ላይ አላሳብብም።